«አሮጌው አዲስ ዓመት» ቀልድ አይደለም

እህቴ፣ «የዶርም ልጆች ጃንዋሪ 1ን አክብረው ሲያበቁ፣ ጃንዋሪ 13 ማታ ደግሞ ለአዲስ ዓመት ነይ አሉኝ፤ እያሾፉብኝ ነው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ አላሾፉብሽም። በዓሉን ሩሲያውያን «ስታሪ ኖቪ ጎድ» ይሉታል፤ አሮጌው አዲስ ዓመት ማለት ነው።

1. ሩሲያ እስከ 1918 (በፈረንጆቹ) የምትቆጥረው ዩልዮስ በሚባለው አሮጌ አቆጣጠር ነበር። የሌኒን መንግሥት ወደ ጎርጎርዮስ (ዛሬ «የፈረንጆች» ወደምንለው አቆጣጠር) ሲያዞረው፣ ጃንዋሪ 31 የተኛ ሰው ሲነቃ ፌብሩዋሪ 14 ሆኖ ጠበቀው። ቤተ ክርስቲያኗ ግን በአሮጌው ቀጠለች። በዚህ ምክንያት የድሮው ጃንዋሪ 1 ዛሬ ጃንዋሪ 14 ላይ ይውላል፤ የተጠራሽው ለዋዜማው ነው። ለእኛ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ገናቸው እንደኛው ጃንዋሪ 7 ነው፣ ያቺ 14ኛዋ ቀንም በእነሱ ቤት ግዝረት ናት፣ የእኛዋ ጥር 6።

2. ብዙ ሰው የሚዘለው ጾሙን ነው። የገና ጾማቸው ኖቬምበር 28 ገብቶ ጃንዋሪ 6 ያበቃል። እንግዲህ ጃንዋሪ 1፣ መንግሥት የሚያከብረው አዲስ ዓመት፣ የሚውለው በጾም መሐል ነው፤ የሚጾም ሰው ሥጋ በልቶ የሚያከብረው ሁለተኛውን ነው። ቀኑ የቅዱስ ባስልዮስ በዓልም ነው፤ የዕለቱ የቆየ ልማድ ደግሞ የአሳማ ሥጋ መብላት ነው። የማትበዪ ከሆነ ገበታ ላይ ከመግደርደር ቀድመሽ ንገሪያቸው። «ቫሬኒኪ» የሚባለው ጥቅልል ሊጥ ከቀረበ ቀስ ብለሽ ንከሺ፤ አንዳንዱ ውስጥ ሳንቲም ይደበቅበታል። የደረሰው ሰው ገንዘብ ያገኛል ይባላል፣ ጥርሱ ከተረፈ።

3. ጃንዋሪ 14 የሥራ ቀን ነው። የዕረፍቱ ሰሞን ከጃንዋሪ 1 እስከ 8 ብቻ ስለሆነ፣ ፈተና ካለሽ «በዓል ነበር» የሚል ሰበብ አይሰራም።

ሰውን የሚያስቀጣው ትልቁ ስህተት ግን ሌላ ነው፦ ባዩት የድሮ ቀን ሁሉ ላይ 13 መደመር። የድሮ የሩሲያ ሰነድ የሚተረጉሙ ሰዎች ሳይቀሩ ይሳሳቱበታል። ዩልዮስ 1700ን፣ 1800ን፣ 1900ን ሠግር ዓመት (ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚሆንበት) ሲያደርጋቸው ጎርጎርዮስ አያደርጋቸውም፤ 2000 ላይ ግን ተስማምተዋል። ስለዚህ ልዩነቱ በ18ኛው ክፍለ ዘመን 11፣ በ19ኛው 12፣ ከ1900 ወዲህ 13 ቀን ነው። የእኛው ነው የምንለው ባለቅኔ ፑሽኪን በአሮጌው ሜይ 26፣ 1799 ተወለደ፤ 11 ሲደመር ጁን 6 ይሆናል፣ ሩሲያም የምታስበው በዚያ ቀን ነው። 13 የደመረ ጁን 8 ብሎ ይጽፋል። ደራሲው ቼኾቭ በአሮጌው ጃንዋሪ 17፣ 1860 ስለተወለደ 12 ተደምሮ ጃንዋሪ 29 ነው። ከማርች 2100 ጀምሮ ልዩነቱ 14 ይሆናል፤ በ2101 አሮጌው አዲስ ዓመት ወደ ጃንዋሪ 15 ይሸሻል ማለት ነው።

ማታ በር ላይ «ሶ ስታሪም ኖቪም ጎዶም!» በያቸው፤ ሳቃቸውን ታገኛለሽ።