ሪዲሜ ክለብ ሲገባ ቤዙ ለምን ይጠፋል?

ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ነው የምኖረው፤ ቤቴ ውስጥ በላፕቶፕ የዳንስሆልና የራፕ ቢት እሠራለሁ። በቅርቡ በ100 ቢፒኤም (በደቂቃ 100 ምት) አንድ የዳንስሆል ሪዲም፣ ማለትም ድምፃዊ የሚዘፍንበት ቅንብር፣ ሠርቼ ለዲጄ ጓደኛዬ ሰጠሁት። በሄድፎን ስሰማው ቤዙ ወፍራም ነው። ክለብ ውስጥ ሲከፍተው ግን ቤዙ የት እንደገባ ጠፋ፤ ከኪኩም (ከትልቁ ከበሮ) ጠቅ ጠቅታው ብቻ ነው የተሰማው። ኢኳላይዘር ላይ ቤዙን በ6 ዲሲቤል ብጨምረው ጭራሽ ሙዚቃው ታፈነ። ቤዙን ከሁለት ድምፆች ነው የሠራሁት፤ እንዲሞላልኝ ብዬም ስቴሪዮ ማስፊያ ጭኜበታለሁ። ድምፃዊው ደግሞ «ቢትህ ሞልቷል፤ የምገባበት አጣሁ» ይለኛል። አሁን ሦስት ልጆች በዚሁ ሪዲም ላይ ሊዘፍኑ ይፈልጋሉ፤ ስለ ድርሻ ግን አልተነጋገርንም። ከየት ልጀምር?

ቢት ሠሪው

መልስ

ወንድሜ፣ ከዚያ ስቴሪዮ ማስፊያ ጀምር። ቤዝህን የበላው እሱ ነው። በብዙ ክለቦች ታችኛው ድምፅ ወደ ሰብዉፈር (ቤዙን ወደሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) የሚሄደው ግራና ቀኙ ተደምሮ በሞኖ ነው። ማስፊያው ደግሞ ድምፁን የሚያሰፋው የግራውንና የቀኙን ሞገድ በማለያየት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲደመሩ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየወረደ ይጠፋፋሉ። ሄድፎን ላይ እያንዳንዱ ለየጆሮው ስለሚደርስ ችግሩ አይሰማህም። ተጠፋፍቶ ያለቀ ድምፅ ላይ 6 ዲሲቤል ስትጨምር ሊሚተሩ (ድምፁ ከጣሪያ እንዳያልፍ የሚገታው) ሌላውን ሁሉ ይጫነዋል፤ መታፈኑ የመጣው ከዚያ ነው።

ማስፊያውን አንሳና ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን በሙሉ ሞኖ አድርገው። ቀጥለህ ማስተሩን (ሁሉም ድምፅ ተደባልቆ የሚወጣበትን) ሞኖ ላይ አድርገህ ሁለቱን የቤዝ ድምፆች ለየብቻ፣ ከዚያም አብረው ስማ። አብረው ሲሆኑ ከአንዱ ብቻ የሚቀጥኑ ከሆነ የአንዱን ፖላሪቲ ገልብጥ፣ ማለትም የሞገዱን መውጫና መውረጃ አቀያይር። አሁንም ካልሞላ አትታገለው፤ አንዱን ከ100 ኸርዝ በታች ቁረጠውና ታችኛውን ለሌላኛው ተውለት። እንዲያውም ገና ከመጀመሪያው እንዲህ መሥራት ይሻላል።

ኪኩና ቤዙም ቦታ መለየት አለባቸው። ቤዝህ ጂ ላይ ካረፈ መሠረቱ 49 ኸርዝ ነው፤ ስለዚህ ኪኩን ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ባለው ላይ አጉላውና ከ50 በታች ያለውን ቀንስለት። በሳይድቼይን ደግሞ ኪኩ በመታ ቁጥር ቤዙ ከ3 እስከ 4 ዲሲቤል ዝቅ ይበል። ሪሊዙን (ቤዙ ወደ ቦታው የሚመለስበትን ጊዜ) ከ100 ሚሊሰከንድ ጀምረህ በጆሮህ አስተካክል። ኪክህ 3-3-2 የሚባለውን አከፋፈል ተከትሎ ከአንድ ባር 16 ደቂቅ ምቶች በ1፣ በ4፣ በ7፣ በ9፣ በ12 እና በ15 ላይ የሚመታ ከሆነ፣ በ100 ቢፒኤም ከ7 እስከ 9 ያለው ክፍተት 300 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ሪሊዙ ከዚያ ከረዘመ ቤዙ ሳይመለስ ቀጣዩ ምት ይደርስበታል፤ ሪዲሙም ይሰንፋል። ቤዙ እስከ ሲ፣ ማለትም እስከ 32.7 ኸርዝ የሚወርድ ከሆነ ብዙ ሰብዉፈሮች በጉልበት አያወጡትም፤ ያቺን ኖታ አንድ ኦክታቭ አንሳት። ስልክ ላይ ደግሞ 49 ኸርዝ ጨርሶ አይሰማም፤ ቀለል ያለ ሳቹሬሽን (ከላይ ተጓዳኝ ድምፆችን የሚፈጥር ማዛባት) ጨምርና በ98፣ በ147 እና በ196 ኸርዝ ላይ ጥላውን እንዲጥል አድርግ።

ድምፃዊው ያለህን ከልቤ እደግፈዋለሁ። የጃማይካዋ የኪንግስተን ፕሮዲውሰሮች አንድ ሪዲም ለብዙ ድምፃውያን የሚሰጡት ሆን ብለው ቦታ ትተውበት ነው። በ1985 ኪንግ ጃሚ ያወጣው ስሌንግ ቴንግ የተባለ ሪዲም ካሲዮ ኤምቲ-40 በምትባል ትንሽ ኪቦርድ ውስጥ ተዘጋጅቶ ከተቀመጠ ምት የተነሣ ነው፤ ያን ሁሉ ድምፃዊ የተሸከመው በአንድ የቤዝ መስመር ነው። በ2002 የወጣው የስቲቨን «ሌንኪ» ማርስደን ዲዋሊ ሪዲምም ከሁሉ ቀድሞ የሚያዝህ በጭብጨባው ነው፤ ሾን ፖልም ዌይን ወንደርም በየራሳቸው ዜማ ገቡበት። አንተም ከኪክ፣ ከስኔር፣ ከቤዝና ከአንዲት አጭር የሲንት (የሲንተሳይዘር) ሐረግ በቀር ሁሉንም ዝጋ። ልጁ በዚያ ላይ ይቅረጽ። ከዚያ ጎደለ የምትለውን አንድ በአንድ መልስ፤ ግማሹን እንደማትመልሰው እርግጠኛ ነኝ። ሲንቱን ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ላይ በ3 ዲሲቤል ቀንሰው፤ ቃላቱ ጥርት ብለው የሚሰሙት እዚያ ነው።

ስለ ድርሻው ለየዘፈኑ አንድ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ፦ ዜማና ግጥሙ የማን እንደሆነ፣ ያንተ የቅንብር ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ከቅጂው ገቢ ለማን ምን እንደሚደርስ። ሪዲሙ ለሦስቱም የተፈቀደ እንጂ ለአንዱ ብቻ የተሸጠ አለመሆኑን በግልጽ አስቀምጥ። ይህ ካልተጻፈ የአንደኛው ዘፈን ሲወጣለት «ሪዲሙ የኔ ነው» ብሎ ሌሎቹን ሊያስወርድ ይነሣል፤ ጭቅጭቁም መሀል አንተን ያገኝሃል።

ስቴሞቹን (የየመሣሪያውን ለየብቻ የወጣ ፋይል) ከፊርማው በኋላ ላክ፤ በ24 ቢት ዋቭ፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ባር እኩል የሚጀምሩ፣ ማስተሩ ላይ ሊሚተር ሳይኖር፣ ጣሪያቸው ከ-6 ዲሲቤል ያላለፈ ይሁኑ። የፋይሉ ስም ላይ ቢፒኤሙንና የሙዚቃውን ቁልፍ ጻፍ። ለዲጄው ደግሞ መግቢያው ላይ 8 ባር ከበሮ ብቻ ያለበት ቅጂ አውጣለት፤ በ100 ቢፒኤም 19.2 ሰከንድ ይሆናል፤ ከበፊተኛው ዘፈን ጋር ለማገናኘት ይበቃዋል።