የአማርኛን ፊደል አጥብቦና አዘንብሎ ስለ መጠቀም

ለሩጫ ክለብዎ ማሊያ የመረጡት የእንግሊዝኛ ፎንት ጠበብና ጋደል ያለ ሳንስ ሰሪፍ (ጫፎቹ ላይ ትንንሽ ጭረት የሌለው ፊደል) ስለሆነ፣ የአማርኛውን ስም በኮምፒውተር ጨምቀውና አዘንብለው ቢያመሳስሉት ያስኬድ እንደሆነ ጠይቀዋል። ባነርና ስቲከር ስሠራ በኖርኩባቸው ዓመታት እንደታዘብኩት አያስኬድም፤ ጥበቱን ግን በሌላ መንገድ ማግኘት ይቻላል።

እንዲህ ያለው ፊደል ለስፖርት የሚመረጠው ረጅም ስም በጠባብ ቦታ ላይ ጎላ አድርጎ ስለሚያስገባና ዝንባሌው የፍጥነት ስሜት ስለሚሰጥ ነው። በወጉ የተሠራው ግን ተጨምቆ የመጣ አይደለም። ስዊዛዊው የፊደል ነዳፊ አድሪያን ፍሩቲገር እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው ዩኒቨርስ በተባለው ፎንቱ ውስጥ ለ21ዱም ዓይነቶች ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር፤ 58 ሲል 5 ውፍረቱን፣ 8 ደግሞ ጠባብና ያዘነበለ መሆኑን ይናገራል፤ ይህም ራሱን ችሎ የተሳለ ዓይነት ነው። ቀጥ ያለ ፊደል ከጎን ሲጨመቅ ቋሚ መስመሮቹ ይሳሳሉ፣ አግዳሚዎቹ ግን እንደወፈሩ ይቀራሉ፤ ሠዓሊው በእጁ የሚያርመው ይህንኑ ነው።

በአማርኛ ጉዳቱ ይብሳል። አንድ ጊዜ ለሻይ ቤት የሠራሁትን ማስታወቂያ አልረሳውም፦ ስፋቱን ወደ 60 በመቶ ዝቅ አድርጌ በስቲከር ሳስቆርጠው የ«ቤ» ቀለበት ተደፍና «ሻይ ቢት» ሆኖ ተሰቀለ፤ ባለቤቱ ስቆ ቢያልፈውም በራሴ ወጪ ቀየርኩት። ኃምሱን ከሳልሱ የምትለየው ከእግሩ ሥር ያለችው ያቺ ትንሽ ቀለበት ናት። «ጠ» እና «ሐ»ም ሦስት እግሮቻቸው ይጣበቃሉ። ማዘንበሉ ደግሞ «ለ»ንና «ሰ»ን ይጎዳል፤ እግሮቻቸው በተፈጥሯቸው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተከፈቱ ስለሆኑ፣ ፊደሉ ወደ ቀኝ ሲያዘነብል የቀኙ እግር ቀጥ ብሎ ይቆምና የግራው ይተኛል፤ ያን ጊዜ ስሙ የሚሮጥ ሳይሆን የተደናቀፈ ይመስላል።

ስለዚህ በነጻ የሚገኘውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የተባለ የአማርኛ ፎንት ይሞክሩ። ስፋቱ ከ100 እስከ 62.5 በመቶ የሚስተካከል ሲሆን፣ ጠባቡም ለብቻው የተሳለ ነው። ያዘነበለ ዓይነት የለውም፤ እኔም ጎደለብን አልልም፤ በብራና መጻሕፍታችን የቅዱሳን ስም የሚለየው በቀይ ቀለም እንጂ በማዘንበል አልነበረም። እንግሊዝኛው ጋደል ባለበት አማርኛው ቀጥ ብሎ ቢቆም፣ ጥበታቸውና ውፍረታቸው እስከተመሳሰለ ድረስ ዓይን አይረብሽም። ዝንባሌው የግድ ነው ከተባለ፣ ሄልቬቲካ የተባለው የታወቀ የእንግሊዝኛ ፎንት የሚያዘነብለው 12 ዲግሪ ነው፤ ለአማርኛ ከዚህ ግማሽ አይለፉ፣ ከዚያም የ«ለ»ንና የ«ሰ»ን እግሮች በእጅ ያርሙ። ማሊያው ላይ ከመታተሙ በፊት በወረቀት አውጥተው ግድግዳ ላይ ይለጥፉትና አሥር እርምጃ ርቀው ያንብቡት፤ ቀለበቷ ከዚያ ሆነው ካልታየችዎ ስፋቱን ትንሽ ይጨምሩለት።