ከመስከረም 1950 እስከ ሰኔ 2013፦ ስለ ጅማ ገጠር ምርጫ ጥያቄና መልስ

ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በ1997 ደግሞ በዴዶ ገጠር በአንድ ጣቢያ ምርጫ አስፈጻሚ ነበርኩ። በጅማ ዙሪያ ስላለው የገጠር ምርጫ ጠይቁኝ ብዬ ነበርና፣ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የቻልኩትን እነሆ።

ከሰርቦ፦ ጋሼ፣ አያቴ «በጃንሆይ ጊዜም መርጠናል» ይላሉ። እውነት ነው?

እውነታቸውን ነው። በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት መኳንንቱና የአካባቢው ሹማምንት ነበሩ፤ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ተብሎ። ጅማ ያን ጊዜ ገና የአባ ጅፋር ግዛት ነበር፤ በቀጥታ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የገባው በ1924 ነው። ሕገ መንግሥቱ በ1948 ከተሻሻለ በኋላ የመጀመሪያው ቀጥተኛ ምርጫ በመስከረም 1950 ተካሄደ። 200,000 ያህል ሕዝብ ያለው የምርጫ ክልል ሁለት እንደራሴ ይልክ ነበር። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሰው በስሙና በዘመዱ ይታወቃል። ጭሰኛውም ሴቷም ድምፅ መስጠት ይችላሉ። እጩ ለመሆን ግን በምርጫ ክልሉ ውስጥ ሕጉ የሚጠይቀውን ያህል ንብረት ያስፈልጋል። እንግዲህ በሰው መሬት ቡና የሚለቅም ሰው ማንን እንደሚመርጥ እንጂ መቼ እንደሚመረጥ አይጠየቅም ነበር። ስለዚህ አያትህን ማንን እንደመረጡ ከመጠየቅህ በፊት እነማን እንደቀረቡላቸው ጠይቃቸው። እኔ የየትኛውንም ዘመን ምርጫ የምመዝነው በዚህ ነው።

ከሰቃ፦ በድሮ ወረቀት ላይ «የካፋ እንደራሴ» የሚል አገኘሁ። ቦንጋ ነው ወይስ ጅማ?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ጅማ የካፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች። ዋና ከተማው ቦንጋ የሆነው የዛሬው የካፋ ዞን ሌላ ነው፤ መስከረም 20 ቀን 2014 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ከሌሎች ጋር ሆኖ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልልን መሥርቷል። የወረዳውን ስም ሳታይ አትደምድም።

ከየቡ፦ በደርግ ጊዜስ?

የአገር አቀፍ ምክር ቤት ምርጫ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተካሄደው፤ ሰኔ 1979። ለ835ቱ የብሔራዊ ሸንጎ መቀመጫዎች ነበር። በየምርጫ ክልሉ እስከ ሦስት እጩ ይቀርባል፤ የሚያቀርቡት ግን ብቸኛው ፓርቲ ኢሠፓ (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ)፣ የሕዝብ ማኅበራትና የሠራዊቱ ክፍሎች ናቸው። ሦስት ስም ነበር፤ ሦስት ሐሳብ ግን አልነበረም።

ከአሰንዳቦ፦ ከ1983 በኋላ የመጀመሪያው ምርጫ የ1987ቱ ነው አይደል?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህን ይስታል። ሰኔ 14 ቀን 1984 የክልልና የወረዳ ምርጫ ነበር። ኦነግ (የኦሮሞ ነፃነት ግንባር) ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ራሱን አገለለ፤ በኦሮሚያ ገጠር ዋናው ተፎካካሪ ሳይኖር ድምፅ ተሰጠ። ከ29 ዓመት በኋላ ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ የተካሄደውም ሰኔ 14 ቀን ነው፤ 2013። በ2013ቱም ኦነግና ኦፌኮ (የኦሮሞ ፌዴራላዊ ኮንግረስ) ከውድድሩ ወጥተው ነበር። የቀኑ መገጣጠም አጋጣሚ ነው፤ የሁኔታው መመሳሰል ግን ያሳስበኛል። በመካከሉ የ1986ቱ የሕገ መንግሥት ጉባኤ ምርጫ አለ፤ የ1987ቱንም ዋና ዋናዎቹ ተቃዋሚዎች አልተሳተፉበትም።

ከአጋሮ፦ 1997 በገጠሩ ምን ይመስል ነበር? ስለ አዲስ አበባ ብቻ ነው የሚወራው።

ይህን በደስታ እመልሳለሁ። ግንቦት 7 እሑድ ነበር። ጣቢያው ሳይከፈት፣ ገና በጨለማ፣ ሰልፉ ከትምህርት ቤቱ ግቢ ወጥቶ ወደ ቡናው ውስጥ ገብቶ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ፣ እግሩ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ወረቀቱን ተቀብለው ምልክቶቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነካኩና «ይህ ሁሉ ለእኔ ነው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። በሕይወቴ ይህን ያህል ምልክት በአንድ ወረቀት ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። ማታ በፋኖስ ቆጠርን፤ ታዛቢዎች በእያንዳንዷ ወረቀት ሲከራከሩ ነጋ። ውጤቱን በር ላይ ስንለጥፍ ማንበብ የሚችል ልጅ ላልቻሉት ጮክ ብሎ አነበበላቸው።

በአገር ደረጃ ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ 327 መቀመጫ፣ የተቃዋሚዎቹ ጥምረት ቅንጅት 109 አገኙ ተባለ፤ የተከተለውን ግርግር ታውቁታላችሁ። በ2002 ግን ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547ቱ 545ቱን ወሰዱ፤ በ2007 ሁሉንም።

ከአጋሮ ሌላ፦ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የእኛ አካባቢ ተመራጭ ነበሩ?

አዎ። በ2002 ከአጋሮ ለተወካዮች ምክር ቤት ተመርጠዋል፤ በ2013 ድምፃቸውን የሰጡትም በትውልድ መንደራቸው በበሻሻ ነው።

ከሊሙ ገነት፦ ለምንድን ነው ሁልጊዜ በዝናብ የምንመርጠው?

ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም መጨረሻ ነው፤ ምርጫውም የቀድሞው ምክር ቤት ዘመን ከማለቁ አንድ ወር በፊት መጠናቀቅ አለበት። ስለዚህ ቀኑ ብዙ ጊዜ ግንቦትና ሰኔ ላይ ያርፋል። ለእኛ መንገዱ ጭቃ የሚሆንበት፣ ሳጥን በበቅሎ የሚጫንበት ወቅት ነው። ሕጉ ግን ቀደም ብሎ መምረጥን አይከለክልም። እኔን ብትጠይቀኝ ጥር ይሻላል፤ ቡናው ተለቅሞ፣ መንገዱ ደርቆ፣ ሰውም እፎይ ብሎ ባለበት ጊዜ።