ጠበኞቹ የሚስማሙበትን ፈልጉ

ልጆቼ፣ ያረጀሁት ታሪክ ሳስተምር ነው። ጡረታ ወጥቼም ቢሆን ወጣቶች ስለ ቻይናና ታይዋን ሲከራከሩ ስሰማ ዝም ማለት ይቸግረኛል። አንዱ ለቤጂንግ ይሟገታል፣ ሌላው ለታይፔ፤ ወዲያው ስድብ ይከተላል። ምክሬ አንድ ነው፦ ሁለት መንግሥታት ሲጣሉ የሚስማሙበትንም ነገር ፈልጉ። ብዙ ምስጢር ያለው እዚያ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የቺያንግ ካይሼክ ብሔርተኛ ፓርቲ ኩሚንታንግና የቻይና ኮሚኒስቶች በ1920ዎቹ አጋሮች ነበሩ። በ1927 ቺያንግ ሻንጋይ ላይ ኮሚኒስቶቹን ፈጃቸው። ጃፓን ስትወራቸው ለጊዜው ተባበሩ፤ እሷ ስትሸነፍ ተመልሰው ተያያዙ። በ1949 የኮሚኒስቶቹ መሪ ማኦ ዜዱንግ አሸነፈ፤ ቺያንግም መንግሥቱን ይዞ ታይዋን ገባ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም «የመላው ቻይና መንግሥት እኔ ነኝ» አሉ።

አሁን ካርታ አውጡና ኪንመንን ፈልጓት። በዋናው ቻይና ዳርቻ ካለችው ከሺያመን ከተማ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ የያዛት ግን የታይፔ መንግሥት ነው። በ1949 መገባደጃ ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ የማኦ ወታደሮች ሌሊት በጀልባ ወረዱባት። ባሕሩ ሸሸና ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ቀሩ። ደጀን ሊደርስላቸው አልቻለም፤ ከሞት የተረፉት ተማረኩ። በዓመቱ የኛ ቃኘው ሻለቃ በኋላ የዘመተበት የኮሪያ ጦርነት ፈነዳ። አሜሪካ 7ኛውን የጦር መርከቦች ጓዷን ወደ ታይዋን ወሽመጥ ስትልክ የማኦ የወረራ ዕቅድ ባለበት ቆመ።

ኦገስት 23 ቀን 1958 መድፉ ጀመረ። በ44 ቀናት 470 ሺህ ያህል የመድፍ ጥይት ኪንመን ላይ ወረደ። ከዚያ ቤጂንግ የምተኩሰው በጎዶሎ ቀን ብቻ ነው አለች። በ1 ይተኮሳል፣ በ2 መርከብ ስንቅ ያራግፋል፣ በ3 እንደገና ይተኮሳል። ውሎ አድሮ ጥይቱ ውስጥ የሚጫነው የፕሮፓጋንዳ ወረቀት ሆነ። ይህ እስከ 1979 መባቻ ድረስ ቀጠለ።

ለምን? አሜሪካኖች ቺያንግን ደሴቷን ልቀቅ እያሉ ይወተውቱት ነበር፤ እምቢ አለ። ማኦም እንዲለቅ አልፈለገም። ኪንመን ታይዋንን ከዋናው ምድር ጋር ያያዘች ክር ነበረች። ክሩ ከተበጠሰ ሁለት ቻይና ሊኖር ነው፤ ደመኞቹ ደግሞ ቻይና አንድ ናት በሚለው ላይ ልዩነት አልነበራቸውም። ይህን ካላወቃችሁ የጎዶሎ ቀኑ መድፍ እብደት ይመስላችኋል።

ዋጋውን የከፈለው ግን ተራው ሰው ነው። ከቺያንግ ጋር የተሻገሩ ወታደሮች ወላጆቻቸውን ለመጠየቅ የተፈቀደላቸው በ1987 ነው። ወጣት ሆነው ወጥተው ሽማግሌ ሆነው ተመለሱ፤ ስንቶቹ የእናታቸውን መቃብር ብቻ አገኙ። ይህ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አገራችን ለቤጂንግ ዕውቅና የሰጠችው በ1970 ነው። በዓመቱ፣ በኦክቶበር፣ ጃንሆይ ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ተገናኙ። በዚያው ወር የተባበሩት መንግሥታት መቀመጫ ከታይፔ ወደ ቤጂንግ ዞረ።

በ2015 የሁለቱ ወገን መሪዎች፣ የቤጂንጉ ሺ ጂንፒንግና የታይፔው ማ ዪንግጆ፣ ሲንጋፖር ላይ ተገናኙ። አንዱ ሌላውን «ፕሬዚዳንት» ካለ ዕውቅና ሰጠ ማለት ነውና «አቶ» ተባባሉ። የእራቱን ሒሳብም ተካፍለው ከፈሉ። አንዳንዶች ሳቁባቸው። እኔ ግን አከበርኳቸው፤ ቃላት መርጦ አብሮ ማዕድ መቅረብ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ ስለ ወሽመጡ ዜና ስታነቡ የጦር አውሮፕላን ብቻ አትቁጠሩ። ታይዋን ከ1996 ጀምሮ ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ ትመርጣለች፤ ወጣቶቿም በብዛት ራሳቸውን ታይዋናዊ ነን እንጂ ቻይናዊ ነን አይሉም። ቤጂንግ ደግሞ ታይዋን ብትገነጠል ኃይል እስከመጠቀም እንደምትሄድ በ2005 በሕግ ደንግጋለች። ማኦና ቺያንግ የተስማሙበት ያ አንድ ነገር እየሳሳ ነው። ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።