የአያታችሁ ታሪክ አውሮፕላን ላይ አያልቅም

ውድ የልጅ ልጆች፣

ከጎንደር ገጠር ተነሥተው በሱዳን አድርገው እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) አያቶች ዛሬ በዕድሜ ገፍተዋል። ሕይወታቸውን በድምፅ ቀርጻችሁ ማስቀረት ካሰባችሁ፣ የቃል ታሪክ የምንሰበስብ ሰዎች የምንሠራበትን መንገድ ልንገራችሁ።

መታወቂያቸው ላይ ያለውን የልደት ዘመን አትመኑት። ብዙዎቹ ሲገቡ የተመዘገቡት በአስተርጓሚና በግምት ነው። «ዕድሜዎ ስንት ነው?» ከምትሉ «ንጉሡ ሲወርዱ አግብተው ነበር? ልጅ ወልደው ነበር?» በሏቸው። ንጉሡ የወረዱት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የ17 ዓመት እናት ከነበሩ ልደታቸው 1950 አካባቢ ይሆናል። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲለወጥ ግን ሁሌ 8 መደመር ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ነው። ቤተ እስራኤልን ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ያጓጓዘው የሙሴ ዘመቻ ኅዳር 12 ቀን 1977 ሲጀመር በፈረንጅ 1984 ነበር፤ በዚያው 1977፣ ታኅሣሥ 27 ሲቋረጥ ግን 1985 ገብቷል።

የመንደር ስም ብቻውን አይበቃም፣ ተመሳሳይ ስም ሞልቷል። የሚገበዩበትን ገበያ ከነቀኑ፣ ውኃ የሚቀዱበትን ወንዝ ጨምራችሁ ጻፉ። የእሳቸውንም ስም ሁሉ መዝግቡ፦ ወላጆቻቸው ያወጡላቸውን፣ ሱዳን ውስጥ ማንነታቸውን ሲደብቁ የተጠሩበትን፣ እስራኤል ሲገቡ የተሰጣቸውን።

ስልኩን ከኔትወርክ አውጡና የታጠፈ ነጠላ ላይ፣ ከአፋቸው ሁለት ስንዝር ያህል አርቃችሁ አስቀምጡት። ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ እጅ ባረፈ ቁጥር ይጮኻል። ማቀዝቀዣ ካለበት ክፍል ራቁ። ቡናው ያጫውታል፣ ሲኒው ግን ድምፃቸውን ይሸፍናል፤ ረከቦቱ ሲነሣ ጀምሩ። ከአንድ ሰዓት አትለፉ። ቅጂውን በዋትሳፕ አትላኩት፣ ድምፁን ጨምቆ ሊያበላሸው ይችላል። በገመድ አውጥታችሁ ሦስት ቦታ አኑሩት፤ አንዱ ሌላ ቤት ይሁን።

ስለ መንገዱ ስትጠይቁ «ምን ተሰማዎት?» አትበሉ። «ተመስገን» ይሏችኋል፣ ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ስንቁ ምን እንደነበር፣ ውኃ በምን እንደተያዘ፣ ቀን ይሁን ሌሊት ይጓዙ እንደነበር፣ ሱዳን ውስጥ ካለው ኡም ራኩባ የስደተኞች መጠለያ ሲደርሱ የት እንደተኙ ጠይቁ። በመንገድና በመጠለያው 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ የእሳቸው ልጅ ከነዚያ አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ስንት ሞቱብዎ?» የሚባል ጥያቄ የለም። ራሳቸው ከጀመሩት ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ «አጥፉት» ካሉ አጥፉ። አማርኛችሁ ካልሰላና አክስት ካስተረጎመች፣ ሥራዋ መተርጎም ብቻ መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯት። አክስቶች መልሱን ራሳቸው መስጠት ይወዳሉ።

አብዛኛው ቅጂ አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይቆማል። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው፤ እናንተን ያሳደጉት ከዚያ በኋላ ነውና። በመርከዝ ክሊታ (አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት መቀበያ ማዕከል) መጀመሪያ ያበሰሉት ምን ነበር? ጤፍ ሲጠፋ እንጀራውን በምን ዱቄት ጋገሩ? የጽዳት ሥራ ከያዙ ስንት ሰዓት ከቤት ይወጡ ነበር፣ ደሞዙስ ለማን ተከፋፈለ? ለሰንበት ዳቦው መቼ ይጋገር ነበር? የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ስግድ በ2008 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በሕግ ብሔራዊ በዓል ከመሆኑ በፊት እንዴት ይጾሙት ነበር? ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በተካሄደው የሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ሲገባ፣ ቀድመው ከገቡት ብዙዎቹ ለዓመታት ያላዩትን ዘመድ ይጠባበቁ ነበር። ማንን ሲጠብቁ ነበር? ማን ቀረ? የቀረውን ለማምጣት የትኛው ቢሮ ተመላለሱ? እዚህ ላይ ከመንገዱ የበለጠ ጊዜ ስጡ፤ ዝርዝሩ የሚገኘው እዚህ ነው፣ ማንም ስላልጠየቃቸው።

ወደ ጽሑፍ ስትገለብጡ ለአንድ ሰዓት ቅጂ አምስት ሰዓት ገደማ መድቡ። የጎንደር አነጋገራቸውን፣ የቀላቀሉትንም ዕብራይስጥ አታርሙት። ከዚያ ተመልሳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ አንድ ስም ወይም አንድ ቀን ማስተካከላቸው አይቀርም። ያን ዕለት አልበሙን አስወጡ። በፎቶው ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ የሰዎቹን ስም ከግራ ወደ ቀኝ ጻፉ። እስክሪብቶ ወደ ፊት ይዘልቃልና አትጠቀሙበት።