ካርታ ስታድል የተሳሳተች ከደመወዟ ትከፍላለች?

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልን የሆቴል ሙያ ተመራቂ፣ በመርከብ ካዚኖ የብላክጃክ (ከ21 ሳያልፉ ወደ 21 ለመቅረብ የሚጫወቱት የካርታ ቁማር) ካርታ አዳይ ለመሆን አስበሻል። «ብሳሳት ከደመወዜ ይቆረጣል? ሌባ እባላለሁ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አጎትሽ ለደላላ የሚከፈል 80 ሺህ ብር ሊበደሩልሽ ነው፤ እናትሽ ደግሞ «ሐራም ነው» ብለዋል።

አብሽሪ እህቴ፣ የማይሳሳት አዳይ የለም። ስሕተትሽን ያየሽበት ቅጽበት እጅሽን ሰብስቢ፤ ካርታም ቺፕም (በገንዘብ ፋንታ የሚመደበውን ጠጠር) አትንኪ። ሱፐርቫይዘሩን ጠርተሽ የሆነውን በአጭሩ ንገሪው። የሚወስነው እሱ ነው፤ ካስፈለገም የካሜራው ምስል ወደኋላ ይታያል። በዝምታ ያረምሽው ስሕተት ግን በካሜራ ላይ ካርታ መነካካት ሆኖ ነው የሚታየው። የተጫወቱበትን ካርታ ከቀኝሽ ጀምረሽ በተራ የምትሰበስቢውም ክርክር ሲነሣ የእያንዳንዱ ተጫዋች ካርታ እንደነበረ መልሶ እንዲዘረጋ ነው። በዘፈቀደ ከሰበሰብሽ ማስረጃው ጠፋ ማለት ነው።

ውሳኔው እንደየካዚኖው ደንብ ይለያያል። በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ደንብ፣ አዳይዋ ማቆም ያለባትን 17 ይዛ በስሕተት ለራሷ ካርታ ብትጨምር ያቺ ካርታ ከጨዋታ ትወጣለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሁለት ካርታዎች ከታደሉ በኋላ በስሕተት ወጥታ የታየች ካርታ ደግሞ እንደ ቀጣይዋ ካርታ ትቆጠራለች፤ አልቀበልም ያለ ተጫዋች በዚያ ዙር ሌላ አይጨመርለትም።

ጀማሪን አብዝቶ የሚጥለው ሒሳቡ ነው። አስ 1ም 11ም ስለሚሆን ድምሩ ይምታታል። ብላክጃክ (በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች፣ በአስና በ10 ዋጋ ካርታ፣ የተገኘ 21) 3 ለ2 በሚከፍል ጠረጴዛ 100 ለመደበ 150 ይከፈላል፤ 6 ለ5 ከሆነ 120። ለ15 22.50፣ ለ25 37.50፣ ለ35 52.50 መሆኑን ሳታስቢ እስክትይው ድረስ በቃልሽ አጥኚ።

ስሕተቱ ይመዘገባል። ሲደጋገም ወደ ሥልጠና መመለስ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያም ስንብት ይከተላል። ትርፍ ክፍያው ሁልጊዜ ለአንድ ሰው የሚያደላ ከሆነ ግን በስርቆት ያስመረምራል። ስለ ደመወዝ ቅነሳ የእኛው የሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ያለ ሕግ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ያለ ኅብረት ስምምነት ወይም ያለ ሠራተኛው የጽሑፍ ፈቃድ መቁረጥን ይከለክላል፤ በተፈቀደም ጊዜ ከወር ደመወዝ ሲሶ አይበልጥም። መርከብ ላይ ግን የሚገዛሽ ውልሽና መርከቧ የተመዘገበችበት አገር ሕግ ነው። ስለዚህ ስለ ጉድለት የሚናገረውን አንቀጽ ሳትፈርሚ አንብቢው።

የእናትሽን ጉዳይ የምትመልሺው አንቺ ነሽ። ልብሽ ካልተቀበለው ግን በየማታው ጠረጴዛው ላይ መቆም ይከብድሻል።

80 ሺሁን ብር በግልጽ እቃወማለሁ። አጎትሽ ቢበደሩትም ከፋይዋ አንቺ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ሠራተኛን ለቅጥር ማስከፈልን ይከለክላል፤ በሠራተኛው ላይ የሚተወው እንደ ፓስፖርትና የሕክምና ምስክር ወረቀት ያለውን ወጪ ነው፤ የቪዛውም የመርከቡ ባለቤት ዕዳ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅሽ ደላላ ከመነሻው ሕጉን ጥሷል።

እኔን ካመንሽኝ አንድ ዓመት በደሴ ወይም በኮምቦልቻ ሆቴል በካሸርነት ሥሪ። ፈረቃ ስትለዋወጪ ቆጥረሽ ተረከቢ፣ ቆጥረሽ አስረክቢ፣ የጎደለውን በዚያው ሰዓት አስመዝግቢ። ካዚኖ የሚፈልገው እጅ እዚያ ይሠራል፤ የልምድ ማስረጃውም ያንቺ ሆኖ ይቀራል። ለአጎትሽም ብድሩን ከመፈረማቸው በፊት ይህን ደብዳቤ አንብቢላቸው።