መብራት ሲጠፋ ሰላጣው ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው። በረንዳዬ ላይ ያለ አፈር ሰላጣና ቆስጣ፣ ከሆነልኝም ቲማቲም ማብቀል አምሮኛል። አንድ ሻጭ ባለ 36 ቀዳዳ የፒቪሲ ቱቦ ከነፓምፑ ልግጠምልሽ ብሎኛል። ቀብድ ገና አልከፈልኩም። ለማዳበሪያው ገጠር ያለው ወንድሜ ዩሪያና ኤንፒኤስ ሊልክልኝ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

መልስ፦ እንኳን ቀብዱን አልከፈሉ! ቱቦው መጥፎ ሆኖ አይደለም። መብራት መጣ ሄደ በሚባልበት ሰፈር ለጀማሪ የሚሆን ስላልሆነ ነው።

በዚህ ዓይነት ቱቦ ውስጥ ውሃው በጣም ስስ ሆኖ በሥሩ ሥር ይፈስሳል። እንግሊዝ አገር አለን ኩፐር የተባለ ተመራማሪ ያዳበረው ዘዴ ነው። ሥሩ ውሃም አየርም እኩል ስለሚያገኝ ተክሉ ቶሎ ያድጋል። ግን ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ የለም። ፓምፑ ከቆመ፣ ፀሐይ በበረታበት ቀን፣ ሥሩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይደርቃል። ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልቅሶ ልደርስ ወጣሁ። ማታ ስመለስ መብራት የለም፣ 40 እግር ሰላጣ እንደተቀቀለ ጎመን ተኝቷል። በማግስቱ ውሃ ባጠጣውም ያገገመው ጥቂቱ ነው።

ሻጩ እንደገና ሲደውል “ፓምፑ ቢቆም ተክሉ ስንት ሰዓት ይቆያል?” ብለው ይጠይቁት።

ሌላው የተለመደ ዘዴ ሥሩን ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ ለዓሣ ገንዳ በሚውለው ዓይነት የአየር ፓምፕ ውሃውን ማናፈስ ነው። መብራት ሲጠፋ ከቱቦው ይሻላል። ያም ሆኖ ፓምፕ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ለጊዜው ይቆየን።

እኔ የምመክርዎት አንድ ባልዲ ነው። የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው በርናርድ ክራትኪ ያስተዋወቀው ዘዴ ሲሆን ፓምፕም መብራትም አያስፈልገውም። ክዳን ያለው ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይግዙ። የቀለም ባልዲ አይሁን። ብርሃን ከገባው ውሃው አረንጓዴ ዋቅላሚ (አልጌ) ያወጣልና በጥቁር ፌስታል ይጠቅልሉት። ክዳኑ ላይ ሦስት ቀዳዳ ያውጡና ታቹ የተበሳሳ የእርጎ ኩባያ ይሰኩበት። ዘሩን እርጥብ ስፖንጅ ላይ ያብቅሉ። ችግኙ አራት ቅጠል ሲያወጣ ከነስፖንጁ ወደ ኩባያው ያዛውሩት። ውሃው መጀመሪያ ላይ የኩባያውን ታች አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይንካ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ተክሉ ሲጠጣ ውሃው ይጎድላል፣ ሥሩም ተከትሎት ይወርዳል። ላይኛው ሥር ግን ክዳኑና ውሃው መካከል ባለው እርጥብ አየር ውስጥ ይቀራል። የሚተነፍሰው በዚያ ነው። ባልዲው ጎደለ ብለው አዝነውለት እስከ አፉ ከሞሉት ያንን ሥር ያፍኑታል። አንድ እግር ሰላጣ እስኪደርስ 4 ሊትር ገደማ ስለሚጠጣ፣ ባልዲዎ ለሦስቱ ይበቃል። የግድ መጨመር ካለብዎት ከግማሽ አያሳልፉት። በቀዳዳዎቹና በኩባያዎቹ መካከል ደግሞ ክፍተት አይኑር፣ የቆመ ውሃ ትንኝ ይወዳል። ይህን ዘዴ አዳማ ወይም ድሬዳዋ ላሉ ዘመዶችዎ ከነገሩ ይህችን አይርሱ።

የወንድምዎን ማዳበሪያ በምስጋና ይመልሱለት። ዩሪያ አፈር ውስጥ የሚሠራው ባክቴሪያዎች ተክሉ ወደሚወስደው መልክ ስለሚቀይሩት ነው። ንጹሕ ውሃ ውስጥ እነሱ በበቂ አይገኙም። ኤንፒኤስ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ አለው፤ ፖታሲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዥየም ግን የለውም። በአፈር ቢሆን መሬቱ ይሞላልዎት ነበር። ባልዲ ውስጥ እርስዎ ያልጨመሩት ነገር የለም። የኮምፖስት ውሃም ይቅር፣ ይገማል።

ለቱቦው ያሰቡትን ገንዘብ እዚህ ላይ ያውሉት። ለሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ያለ አፈር በውሃ ለማብቀል የተዘጋጀ፣ ከረጢቱ ላይ 4-18-38 የሚል ማዳበሪያ ካገኙ ለ20 ሊትር 12 ግራም ይበቃል። በእሱ ላይ 6 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት፣ መጨረሻ ላይ 12 ግራም ካልሲየም ናይትሬት። ቅደም ተከተሉን አደራ። አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ ሌላውን አይጨምሩ። ዱቄቶቹን በትንሽ ውሃ አንድ ላይ ከበጠበጧቸው ካልሲየሙ ከሰልፌቱና ከፎስፌቱ ጋር ተያይዞ እንደ ኖራ ታች ይዘቅጣል፣ ተክሉም አያገኘውም። በሻይ ማንኪያ ግምት አይሆንም፣ ግራም የምትለካ ትንሽ ሚዛን ያስፈልግዎታል። የውሃው ፒኤች (የኮምጣጣነቱ መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲወርድ ይኮመጥጣል) ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ሎሚ ጠብ ቢያደርጉበት ይወርዳል፣ ግን ብዙ ሳይቆይ ስለሚመለስ ደጋግመው ይለኩት።

ቲማቲሙን ለጊዜው ይተዉት። አንድ እግር ብቻውን ይህን ባልዲ ቶሎ ቶሎ ያደርቀዋል፣ ድጋፍም ይፈልጋል። በሰላጣና በቆስጣ ይጀምሩ፣ በሶብላም ደስ ይለዋል።

በረንዳዎ ወዴት እንደሚዞር ግን አልነገሩኝም። ወደ ሰሜን ከሆነ በበጋ ችግር አለ፤ በእነዚያ ወራት ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ሰላጣ በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ፀሐይ ካላገኘ ቀጥኖ ይመዘዛል። ባልዲ ከመግዛትዎ በፊት አንድ ቀን ወንበር አውጥተው ይቀመጡና ሰዓቱን ይቁጠሩ። ካልሞላ ባልዲውን ታች የጋራው ግቢ ውስጥ ማስቀመጥ ሊኖርብዎት ነው። ኮሚቴውን የማናገሩ ነገር ግን የእርስዎ ድርሻ ነው።